ሶሌታ ሲጎብጥ፦ የጠፍጣፋ አካልን ጉብጠት በቁጥር ዘዴ ለማስላት ዝርዝር መመሪያ

በአራቱም ጎኑ የተደገፈ፣ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ሶሌታ እንውሰድ። መሃሉ ምን ያህል ዝቅ ይላል? ፌሮው ስንት ሞመንት (ሶሌታውን የሚያጎብጠው የኃይል ውጤት) እንዲችል ተደርጎ ይደርደር? ማዕዘኖቹስ ምን ይደርስባቸዋል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መጀመሪያ በወረቀትና በእርሳስ፣ ቀጥሎ በኤክሴል፣ በመጨረሻም ሶሌታውን በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ በሚያሰላ የፋይናይት ኤለመንት ፕሮግራም እንመልሳቸዋለን።

በወረቀት የምጀምረው በምክንያት ነው። ከአንድ ስሌት የሚወጡት ሦስቱ መልሶች እኩል እምነት የሚጣልባቸው አይደሉም። ዝቅታው ቶሎ ወደ እውነቱ ይጠጋል፣ ሞመንቱ ይዘገያል፣ የማዕዘኑ ኃይል ደግሞ ከሁሉም ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን በገዛ እጁ አስልቶ ያላየ ሰው ፕሮግራሙ ያወጣለትን ቁጥር ሁሉ በአንድ ዓይን ያያል። ዝቅታው ስለተስማማ ብቻ ሞመንቱንም አምኖ ፌሮ ሲያዝ ማየት ያስጨንቀኛል።

እኩልታው ከየት መጣ

ነገሩ የተጀመረው በአሸዋ ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት ክላድኒ በቀጭን ሳህን ላይ አሸዋ በትኖ ጠርዙን በቫዮሊን ደጋን ሲያሽ አሸዋው እየተሰበሰበ ውብ ቅርጾችን ይሠራ ነበር። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ለዚህ ክስተት ሒሳባዊ ማብራሪያ ለሚያቀርብ ሽልማት አዘጋጀ፤ ሽልማቱንም ሶፊ ዠርመን እ.ኤ.አ. በ1816 አገኘች። ከዚያ በፊት ላግራንዥ በሥራዋ ውስጥ ያየውን ስህተት አርሞ እኩልታውን ዛሬ ወደምናውቀው መልክ አምጥቶት ነበር። ናቪየ በ1820ዎቹ በአራት ጎኑ በቀላሉ ለተደገፈ አራት ማዕዘን በሳይን ተከታታይ ድምር ሙሉ መልስ ሰጠ፤ ኪርሆፍ ደግሞ በ1850 የጠርዝ ሁኔታዎችን ጥያቄ መልክ አስያዘ።

እኩልታው በቃል ሲነገር እንዲህ ነው፦ የዝቅታው አራተኛ ደረጃ ዴሪቬቲቮች (ከቦታ ቦታ ያለው የለውጥ መጠን አራት ጊዜ ሲወሰድ) ድምር በግትርነት፣ ማለትም ሶሌታው መጉበጥን በሚቋቋምበት መጠን፣ ሲባዛ ከጭነቱ ጋር እኩል ይሆናል። አራተኛ ደረጃ የሚለው ቃል አስፈሪ ይመስላል። መሐንዲሱ ማርኩስ በ1920ዎቹ ያስፋፋው ብልሃት ግን ከባዱን እኩልታ ለሁለት ቀላል እኩልታዎች ይከፍለዋል። የሁለቱን አቅጣጫ ሞመንቶች ደምረን ለ(1 + የፖይሰን ጥምርታ) ስናካፍል የሚገኘውን መጠን «ሞ» እንበለው። (የፖይሰን ጥምርታ ቁሱ በአንድ አቅጣጫ ሲለጠጥ በሌላው ምን ያህል እንደሚቀጥን የሚናገር ቁጥር ነው።) ሞ ልክ እንደ ተወጠረ የከበሮ ቆዳ ይሠራል፤ ጭነቱ ሲያርፍበት የሚይዘው ቅርጽ ሞን ይሰጠናል። ከዚያ ራሱን ሞን እንደ ጭነት ቆጥረን በሁለተኛ ከበሮ ላይ ብናሳርፈው የዚያ ቆዳ ቅርጽ ዝቅታውን ይሰጠናል። አንድ ዓይነት ስሌት ሁለት ጊዜ መሥራት ማለት ነው።

አንደኛ፦ ቁጥሮቹን ማዘጋጀትና ወሰኑን ማረጋገጥ

ይህ ንድፈ ሐሳብ የሚሠራው ለቀጭን አካል ነው። ውፍረቱ ከስፋቱ አንድ አሥረኛ በታች፣ ዝቅታውም ከውፍረቱ በጣም ያነሰ መሆን አለበት። የእኛ ሶሌታ ውፍረት የስፋቱ 1/27 ያህል ስለሆነ ችግር የለብንም።

ጭነቱ፦ የራሱ ክብደት 0.15 × 25 = 3.75፣ ማጠናቀቂያው 1.25፣ የተጠቃሚው ጭነት 2፤ በድምሩ 7 ኪሎ ኒውተን በካሬ ሜትር። (የደኅንነት ማባዣዎችን ሆን ብዬ ትቻለሁ፤ እዚህ የምንመረምረው ዘዴውን ነው።)

ግትርነቱ፦ የመለጠጥ ሞጁለስ × ውፍረት³ ÷ [12 × (1 − የፖይሰን ጥምርታ²)]። ሞጁለሱን (ቁሱ መለጠጥን የሚቋቋምበትን መጠን) 30 ጊጋ ፓስካል፣ የፖይሰንን ጥምርታ 0.2 ስናደርግ 30,000,000 × 0.003375 ÷ 11.52 ይሆናል፤ ይኸውም 8,789 ኪሎ ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ውፍረቱ በሦስተኛ ኃይል መግባቱን ልብ በሉ። 15 ሳንቲ ሜትር የተባለው ሶሌታ ሲሠራ 14 ቢሆን ግትርነቱ በ19 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፦ መረቡን መዘርጋት

ሶሌታውን በየ1 ሜትሩ በመስመሮች ክፈሉት። በሁለቱም አቅጣጫ አራት አራት ክፍል ይኖረዋል፤ በውስጡም 9 ቋጠሮዎች (መስመሮቹ የሚገናኙባቸው ነጥቦች) ይገኛሉ። ነገር ግን ሶሌታውም ጭነቱም በሁሉም አቅጣጫ ተመሳሳይ ስለሆኑ የማናውቃቸው ዓይነቶች ሦስት ብቻ ናቸው፦

3  2  3
2  1  2
3  2  3

1 መሃሉ ነው፤ 2 ከመሃሉ አጠገብ በመስመር ያሉት አራቱ ናቸው፤ 3 በሰያፍ ያሉት አራቱ ናቸው። በጠርዙ ላይ ያሉ ቋጠሮዎች ሁሉ በቀላል ድጋፍ፣ ማለትም ጠርዙ ሳይወርድ መዞር በሚችልበት ድጋፍ፣ ሞም ዝቅታም ዜሮ ናቸው።

ሦስተኛ፦ እኩልታዎቹን መጻፍና መፍታት

በመረቡ ላይ የምንሠራበት፣ ዴሪቬቲቭን በጎረቤት ቋጠሮዎች ልዩነት የሚተካው የፋይናይት ዲፈረንስ ዘዴ ሕግ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ የቋጠሮው ዋጋ በ4 ተባዝቶ የአራቱ ጎረቤቶቹ ድምር ሲቀነስለት ከጭነቱ × የመረቡ ርቀት² ጋር እኩል ነው። ለጊዜው «ጭነት × ርቀት²» የሚለውን 1 ብለን እንሥራ፤ በመጨረሻ እውነተኛውን ቁጥር እናባዛበታለን።

ለመሃሉ፦ 4ሞ1 − 4ሞ2 = 1
ለሁለተኛው፦ 4ሞ2 − ሞ1 − 2ሞ3 = 1
ለሦስተኛው፦ 4ሞ3 − 2ሞ2 = 1

ሁለተኛው ቋጠሮ አራተኛ ጎረቤቱ ጠርዙ ስለሆነ ዜሮ ገብቷል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለት ጎረቤቶቹ ጠርዝ ናቸው። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ በየእኩልታው ጎረቤቶቹን አራት እስኪሞሉ በጣታችሁ ቁጠሩ።

ከመጀመሪያው ሞ1 = ሞ2 + 0.25፤ ከሦስተኛው ሞ3 = 0.25 + 0.5ሞ2። ሁለቱን በመካከለኛው ውስጥ ስንተካ 2ሞ2 = 1.75 ይሆናል። ስለዚህ ሞ2 = 0.875፣ ሞ1 = 1.125፣ ሞ3 = 0.6875።

አሁን ሁለተኛው ከበሮ። በቀኝ በኩል ባለው 1 ፈንታ አሁን ያገኘናቸውን ሞዎች እናስቀምጣለን፤ «ዝ» ዝቅታው ነው፦

4ዝ1 − 4ዝ2 = 1.125
4ዝ2 − ዝ1 − 2ዝ3 = 0.875
4ዝ3 − 2ዝ2 = 0.6875

በዚያው መንገድ ዝ2 = 0.75፣ ዝ1 = 1.03125፣ ዝ3 = 0.546875 ይወጣል።

አራተኛ፦ ወደ ሚሊ ሜትርና ወደ ኪሎ ኒውተን መመለስ

የመረቡ ርቀት 1 ሜትር ስለሆነ ዝቅታው የሚባዛው በጭነት × ርቀት⁴ ÷ ግትርነት፣ ማለትም በ7 ÷ 8,789 ሜትር ወይም በ0.796 ሚሊ ሜትር ነው። የመሃሉ ዝቅታ 1.03125 × 0.796 = 0.821 ሚሊ ሜትር ሆነ። የናቪየ ተከታታይ ድምር የሚሰጠው 0.828 ነው። ዘጠኝ ቋጠሮ ባለው መረብ፣ በአንድ ገጽ ወረቀት፣ ስህተታችን 1 በመቶ አልሞላም። ይህን ስሌት መጀመሪያ የሠራሁ ቀን የተሰማኝ ደስታ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ሞመንቱስ? ሞ1 በእውነተኛ መለኪያ 1.125 × 7 = 7.875 ነው። በመሃል ሁለቱ አቅጣጫዎች እኩል ስለሚካፈሉ የአንዱ ሞመንት 7.875 × 1.2 ÷ 2 = 4.725 ኪሎ ኒውተን ሜትር በእያንዳንዱ ሜትር ይሆናል። ትክክለኛው 4.95 ገደማ ነው። ስህተቱ ወደ 4.5 በመቶ አደገ፤ ያውም ሞመንቱን አሳንሶ በማሳየት፣ ማለትም ለደኅንነት በማይበጀው ወገን።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞመንት የሚገኘው ከዝቅታው መጠን ሳይሆን ከጉብጠቱ ነው። ቅርጹ በጥቅሉ ትክክል ሆኖ ጉብጠቱ ላይ ትንሽ ሊሳሳት ይችላል፤ እያንዳንዱ ዴሪቬቲቭ ደግሞ ያችን ትንሽ ስህተት ያጎላታል።

አምስተኛ፦ ማዕዘኑን አትርሱ

በቀላሉ የተደገፈ ሶሌታ መሃሉ ሲጫን ማዕዘኖቹ ወደ ላይ መነሳት ይፈልጋሉ። እንዳይነሱ ከተያዙ እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ወደ ታች የሚይዝ ኃይል ይፈጠራል። መጠኑ 2 × ግትርነት × (1 − የፖይሰን ጥምርታ) × የማዕዘኑ ጥምዘዛ ነው። ጥምዘዛው በእኛ መረብ ከዝ3 ይገኛል፦ 2 × 0.8 × 0.546875 × 7 = 6.1 ኪሎ ኒውተን። ትክክለኛው ግን 8.3 ገደማ ነው። ከሩብ በላይ አነሰብን።

እንግዲህ በአንድ መረብ ላይ፣ በአንድ ስሌት ውስጥ፣ ዝቅታው 1 በመቶ ያህል፣ ሞመንቱ 4.5 በመቶ፣ የማዕዘኑ ኃይል 26 በመቶ ተሳስቷል። የማዕዘኑ የጥምዘዛ ሞመንት የኃይሉ ግማሽ፣ 4.2 ኪሎ ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ስለሆነ ከመሃሉ ሞመንት ብዙም አያንስም። ማዕዘኑ ላይ ከላይና ከታች ተጨማሪ ፌሮ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። በሥራ ቦታ «ይህ ትርፍ ነው» ተብሎ ሲቀነስ ግን አይቻለሁ።

ስድስተኛ፦ ሁለት መረብ፣ አንድ የተሻለ መልስ

አሁን መረቡን ሆን ብለን እናስፋው። ርቀቱን 2 ሜትር ስናደርግ በውስጥ የሚቀረው አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው፤ 4ሞ = 1፣ ስለዚህ ሞ = 0.25፤ 4ዝ = 0.25፣ ስለዚህ ዝ = 0.0625። ወደ መለኪያ ስንመልሰው ዝቅታ 0.796 ሚሊ ሜትር፣ ሞመንት 4.2 ኪሎ ኒውተን ሜትር።

የዚህ ዘዴ ስህተት ከመረቡ ርቀት ካሬ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ስህተቱ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። የግንብ ግድብ ውጥረትን በቁጥር ያሰላው እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ከዚህ ባሕርይ ተነስቶ ቀላል ማረሚያ ሰጥቶናል፦ የጠባቡን መረብ መልስ በ4 አባዙ፣ የሰፊውን ቀንሱ፣ ለ3 አካፍሉ።

ዝቅታ፦ (4 × 0.821 − 0.796) ÷ 3 = 0.83 ሚሊ ሜትር።
ሞመንት፦ (4 × 4.725 − 4.2) ÷ 3 = 4.9 ኪሎ ኒውተን ሜትር።

የሞመንቱ ስህተት ከ4.5 ወደ 1 በመቶ ወረደ፤ የጠፋው ጊዜ የሁለት መስመር ስሌት ነው። በትልቅ ፕሮግራም ስትሠሩም ይህን ልማድ አትተዉት። አንድ መረብ ብቻ የተሞከረበት ስሌት አላለቀም።

ሰባተኛ፦ በኤክሴል

መረቡ ሲጠብ በእጅ መፍታት አድካሚ ነው፤ ኤክሴል ግን ሥራውን ራሱ በመደጋገም ይፈታዋል። ለ8 በ8 ክፍል 9 በ9 ሴሎች ያሉት አራት ማዕዘን አዘጋጁ። የዳር ሴሎችን ሁሉ ዜሮ ሙሉ። በእያንዳንዱ የውስጥ ሴል «የላይ፣ የታች፣ የግራና የቀኝ ጎረቤቶች ድምር ሲደመር 1፣ ለ4 ሲካፈል» የሚል ቀመር ጻፉ፤ አንዱን ጽፎ ወደ ሌሎቹ መቅዳት ይበቃል። ከጎኑ ሁለተኛ ተመሳሳይ መረብ ሠርታችሁ በ1 ፈንታ የመጀመሪያውን መረብ ተጓዳኝ ሴል አስገቡ።

ኤክሴል ቀመሮቹ እርስ በርስ እንደሚጠራሩ ነግሯችሁ ይከለክላችኋል። በቅንብሩ ውስጥ፣ በቀመር ክፍል፣ ተደጋጋሚ ስሌትን ፍቀዱለት። ብዙ ሰው የማያየው ወጥመድ እዚህ አለ። ኤክሴል ሳይነካ ሲቀር ለውጡ ከ0.001 ሲያንስ መደጋገሙን ያቆማል። ዝቅታውን በሜትር ብትሠሩ የምትፈልጉት መልስ ራሱ 0.0008 ስለሆነ ስሌቱ ገና ሳይጀመር «ጨረስኩ» ይላችኋል። እኔ እንዳሳየሁት ጭነቱን 1 አድርጋችሁ ሥሩ፤ የማቆሚያውን ወሰንም ወደ 0.0000001 አውርዱ፤ የድግግሞሹን ብዛት ከ100 ወደ 1,000 ከፍ አድርጉ።

ሲጨርስ ርቀቱ አሁን ግማሽ ሜትር መሆኑን አትርሱ። የሞ ማባዣ 7 × 0.25 = 1.75፣ የዝቅታው ማባዣ 0.0498 ሚሊ ሜትር ነው። በመጀመሪያ ግን ያንኑ ሉህ በ4 በ4 ክፍል ሞክሩትና 1.125ና 1.03125 መውጣታቸውን አረጋግጡ። የወረቀቱ ስሌት ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሉሁን የምትፈትኑበት ሚዛን ይሆናችኋል።

ስምንተኛ፦ ጠርዙ ሲታሰር

ጠርዙ እንዳይዞር ከታሰረ የማርኩስ ብልሃት አይሠራም፤ በጠርዙ ላይ ሞ ዜሮ አይደለም፣ መጠኑንም አስቀድመን አናውቀውም። ስለዚህ ወደ ሙሉው አራተኛ ደረጃ እኩልታ እንመለሳለን። የእያንዳንዱ ቋጠሮ እኩልታ በዙሪያው ያሉትን ጨምሮ 13 ነጥቦችን ይነካል፤ ማባዣዎቹም እነዚህ ናቸው፦

መሃሉ 20
አራቱ የቅርብ ጎረቤቶች −8
አራቱ በሰያፍ ያሉት 2
ሁለት እርምጃ የራቁት አራቱ 1

ድምራቸው ጭነት × ርቀት⁴ ÷ ግትርነት ነው። ከጠርዝ አጠገብ ያለ ቋጠሮ ሁለት እርምጃ ሲሄድ ከሶሌታው ውጭ ይወጣል። እዚያ ምናባዊ ቋጠሮ እናስቀምጣለን፤ የታሰረ ጠርዝ ቁልቁለት ስለሌለው የምናባዊው ዋጋ ከጠርዙ ወዲህ ካለው መሰሉ ጋር እኩል ይሆናል። (በቀላል ድጋፍ ቢሆን ምልክቱ ይገለበጥ ነበር።) በዚያው 4 በ4 መረብ፦

20ዝ1 − 32ዝ2 + 8ዝ3 = 1
−8ዝ1 + 26ዝ2 − 16ዝ3 = 1
2ዝ1 − 16ዝ2 + 24ዝ3 = 1

መልሱ ዝ1 = 0.461፣ ዝ2 = 0.309፣ ዝ3 = 0.209። ዝቅታው 0.367 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ትክክለኛው ግን 0.258 ነው። 42 በመቶ ስህተት! በጠርዙ መሃል ያለው ሞመንት 2 × 0.309 × 7 = 4.33 ሲሆን ትክክለኛው 5.75 ነው፤ ሩብ ያህል አነሰ። ዝቅታው ከልክ በላይ ሲሆን የጠርዙ ሞመንት ደግሞ ከልክ በታች ነው። «ዝቅታው ስለበዛ ሞመንቱም በዝቶ ይሆናል፤ ስለዚህ ደኅና ነኝ» ብሎ ማሰብ እዚህ ላይ አደገኛ ነው።

በቀላል ድጋፍ ያን ያህል ያማረ መረብ በታሰረ ጠርዝ ለምን ወደቀ? የታሰረ ሶሌታ ከጠርዙ ተነስቶ ገና ጥቂት ሳይርቅ ጉብጠቱን ወደ ተቃራኒው ይገለብጣል። በዚያ አጭር ርቀት ውስጥ አንድ የመረብ ክፍል ብቻ ስላለን መገለባበጡን ሊያይልን አልቻለም። የሪቻርድሰን ማረሚያም እዚህ አያድንም፤ ሁለት ዓይነ ስውር መረቦች ተደጋግፈው መንገድ አያገኙም። ማረሚያውን የምትጠቀሙት መረቡ ሲጠብ መልሶቹ በሥርዓት መቀራረብ ከጀመሩ በኋላ ነው። ለታሰረ ጠርዝ ከ8 በ8 ጀምሩ፣ ወደ 16 በ16 እለፉ፣ የጠርዙን ሞመንት ለብቻው ተከታተሉ። የብዙዎቹ ሕንፃዎች ሶሌታ ጠርዝ በቀላል ድጋፍና በመታሰር መካከል ስለሚገኝ ሁለቱንም አስልቶ እውነቱ የሚወድቅበትን ክልል ማወቅ ይጠቅማል።

ዘጠነኛ፦ ፋይናይት ኤለመንት

ክፍት ቦታ ያለው፣ ኮለኖች ላይ ያረፈ፣ ቅርጹ ያልተስተካከለ ሶሌታ ሲመጣ የካሬ መረብ አይመችም። በዚህ ጊዜ ሶሌታውን በትናንሽ ክፍሎች የሚከፋፍለው የፋይናይት ኤለመንት ዘዴ የተሻለ ነው። ፕሮግራሙን ስትከፍቱ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ የክፍሎቹ ዓይነት ነው። የኪርሆፍን ቀጭን አካል የሚከተሉ አሉ፤ ራይስነር በ1945ና ሚንድሊን በ1951 ያቀረቡትን፣ የሽር (የመንሸራተት) ቅርጽ ለውጥን የሚጨምር ሐሳብ የሚከተሉም አሉ። የሁለተኛው ወገን አንዳንድ ክፍሎች አካሉ ሲቀጥን ያለ ምክንያት ይገትራሉ፤ ዝቅታውም ከእውነቱ በጣም ያንሳል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ውፍረቱን አሥር እጥፍ ቀንሱ፣ ጭነቱን አትንኩ፣ የራስ ክብደትን አጥፉ። ግትርነቱ በሦስተኛ ኃይል ስለሚቀንስ ዝቅታው ወደ 1,000 እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ከዚያ እጅግ ካነሰ ያንን ክፍል ለሶሌታ አትጠቀሙበት።

ቀጥሎ የእኛን 4 በ4 ሶሌታ በፕሮግራሙ ሥሩና ከላይ ካሉት ትክክለኛ ቁጥሮች ጋር አስተያዩ። የድጋፎቹ ምላሽ ድምር 7 × 16 = 112 ኪሎ ኒውተን መሆን አለበት። ይህ ማረጋገጫ ጭነት መረሳቱን ወይም መለኪያ መሳሳቱን ያጋልጣል። መረቡ መጥበብ አለመጥበቡን ግን አይነግራችሁም፤ በጣም ሰፊ መረብም 112 ይሰጣል።

ክብ ሶሌታ፣ ለምሳሌ የውኃ ጋን ክዳን፣ ካጋጠማችሁና ጠርዙ በቀላሉ የተደገፈ ከሆነ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክቡን በቀጥታ ጎኖች አስመስለን ጎኖቹን ብናበዛም የቀጭን አካል ስሌት ወደ ትክክለኛው የክብ መልስ አይደርስም። ይህን ያሳየው ቼካዊው የሒሳብ ሊቅ ባቡሽካ ነው።

ሞመንቶቹን ስታነብቡ የፕሮግራሙን ስያሜ መጀመሪያ አጣሩ። አንዳንዱ የአንድን አቅጣጫ ሞመንት የሚጠራው ፌሮው በሚዘረጋበት አቅጣጫ ነው፣ ሌላው ጉብጠቱ በሚዞርበት ዘንግ ነው። ስያሜው ከተምታታ የረጅሙ ፌሮ ወደ አጭሩ ይሄዳል። የጥምዘዛ ሞመንቱን ለብቻው አትተዉት፤ ለፌሮ ስሌት ዉድና አርመር ባወጡት ሕግ መሠረት መጠኑን በሁለቱም አቅጣጫ ሞመንቶች ላይ ጨምሩ።

ኮለን ላይ ደግሞ የተለየ ነገር ያጋጥማል። ኮለኑን እንደ አንድ ነጥብ ካስቀመጣችሁት መረቡን ባጠበባችሁ ቁጥር በዚያ ነጥብ ላይ ያለው ሞመንት ያለ ማቆሚያ ያድጋል። በሒሳቡ ሞመንቱ እዚያ መጨረሻ የለውም፤ እውነተኛ ኮለን ግን ስፋት አለው። ስለዚህ ኮለኑን በሙሉ ስፋቱ አስገቡ፣ ሞመንቱንም በኮለኑ ፊት ላይ አንብቡ፤ ከዚያ በየመረቡ ለውጥ የምታስተያዩት የዚያን መስመር ቁጥር ይሁን።